እናቴ ክረምቱን አላስካ ልታሳልፍ ነው፤ ትንበያው «ከመደበኛ በላይ ሙቀት» ይላል። ምን እናዘጋጅ?

የጣና ዳር ልጅ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የምትኖረው አላስካ፣ ፌርባንክስ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ሰኔ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች፤ እናቴ ደግሞ ልታርሳት ትሄዳለች። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዋሽንግተን፣ ከዚያ ሲያትል፣ ከዚያ ፌርባንክስ። የምትመለሰው ጳጉሜ ላይ ነው።

የሚያስጨንቀኝ የአየሩ ነገር ነው። እናቴ ከ60 አልፋለች፣ አስምም አለባት። ብዙ አይጠናባትም ግን አለ። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ የሚመጣው የማታ ንፋስ እንኳ ያስላታል። አላስካ ሲባል ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያስበው በረዶ ነው። ጎረቤት ሁሉ ጋቢና ሹራብ እያመጣ ነው፣ አክስቴ ከጋይንት ባና ልካለች፣ ሻንጣው ከአሁኑ አልዘጋ ብሏል።

እኔ ግን የአሜሪካኖቹን የሦስት ወር ትንበያ ካርታ አየሁ። የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ነው። አብዛኛው አላስካ ብርቱካናማ ተቀብቷል፣ «ከመደበኛ በላይ ሙቀት» ማለት ነው። የዝናቡ ካርታ ደግሞ ፌርባንክስ ላይ ነጭ ነው፣ ምንም ቀለም የለውም። ዝናብ የለም ማለት ነው? ብርቱካናማውስ ምን ያህል ነው የሚሞቀው? እህቴን ስጠይቃት «ብርዱን ተወው፣ እኔ የምፈራው ጭሱን ነው» አለችኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እዚያ የኖረ ወይም የትንበያ ነገር የሚገባው ካለ እባካችሁ በደንብ አስረዱኝ። ለእናቴ ምን እንያዝላት?

የሽምብጥ ልጅ (ፌርባንክስ)

ወንድሜ እንኳን ደስ አላችሁ፣ እህትህን በሽልም ያውጣት። እኔ ያደግኩት እዚያው ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ አሁን የምኖረው ፌርባንክስ ስለሆነ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ከብርዱ ልጀምር። ባናውን ቤት አስቀምጡት። ፌርባንክስ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይገባል፣ እሱ እውነት ነው። ሐምሌ ላይ ግን ቀኑ በአማካይ 22 ወይም 23 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱ ወደ 11 እና 12 ይወርዳል። የባሕር ዳር ሐምሌ ቀን 24 ገደማ፣ ሌሊት 14 ገደማ ነው። ልዩነቱ ይቺው ናት። ትልቁ ልዩነት ዝናቡ ላይ ነው። ፌርባንክስ ዓመቱን ሙሉ ዝናቡም በረዶውም ቀልጦ ተደምሮ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያገኘው፤ ባሕር ዳር በሐምሌ ብቻ ከዚያ በላይ ይዘንብባታል። ከደቡብ በኩል ዴናሊ ያለበት ትልቅ የተራራ ሰንሰለት አለ፣ ከፓስፊክ የሚመጣውን እርጥበት እሱ ነው የሚያስቀረው። ስለዚህ እናትህ ጭቃና ጎርፍ አያዩም። አንድ ጋቢ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ቀለል ያለ ጃኬት ይበቃቸዋል። ጋቢው የግድ ይምጣ፣ አራስ ቤት ያለ ጋቢ አይሆንም።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። ይሄን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም። ሰኔ አጋማሽ ላይ በፌርባንክስ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ 21 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። የምትጠልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቆይታ ትወጣለች፤ በመሃልም አይጨልም፣ ደጅ ቆመህ መጽሐፍ ታነባለህ። ባሕር ዳር ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሰውነታችን የለመደው እሱን ነው። ከኛ አገር የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ የሚቸገሩት በእንቅልፍ ነው። እህትህ እናትህ በሚተኙበት ክፍል መስኮት ላይ ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፈውን ጥቁር መጋረጃ አሁኑኑ ትስቀል። እዚህ በየሱቁ አለ። ያን ከማግኘቷ በፊት ከደረሱ ፎይል መስታወቱ ላይ ትለጥፍ፣ ሁላችንም እንደዚያ አድርገናል።

አሁን ጭሱ። እህትህ የፈራችው የደን ቃጠሎ ጭስ ነው፣ የፈራችውም በምክንያት ነው። በፌርባንክስ ዙሪያ ማለቂያ የሌለው ደን አለ። ብዙው ጥቁር ስፕሩስ የሚባል ቀጭን፣ ሙጫ የበዛበት፣ ጥድ የሚመስል ዛፍ ነው። ከሥሩ ደግሞ የድንጋይ ሽበት የሚመስል ወፍራም ምንጣፍ አለ፣ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ካገኘው እንደ ጭድ ይደርቃል። ከዚያ መብረቅ ይወርዳል። እዚህ ብዙውን መሬት የሚያቃጥለው እሳት የሚነሳው ከመብረቅ ነው እንጂ ከሰው እጅ አይደለም። መንገድ በሌለበት ስለሚነሳም ሰፈር ካላሰጋ ብዙ ጊዜ እየተከታተሉ ይተዉታል፣ ለሳምንታት ይነዳል። በአውሮፓውያኑ 2004 አላስካ ውስጥ ከ2.6 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው የተቃጠለው። የጣናን ስፋት ሰባት ስምንት ጊዜ ማለት ነው። እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። 2015 እና 2022ም ከባድ ነበሩ።

ጭስ የገባ ቀን ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ይደበዝዛል። ፀሐይዋ ጨረር የሌላት ቀይ ክብ ትሆናለች። ጠዋት መኪናው ላይ ስስ አመድ ታገኛለህ፣ ደጅ ያሰጣኸውን ልብስ መልሰህ ታጥባለህ፣ ጉሮሮህ ይከረክራል። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እኔንም ያስለኛል። አስም ላለበትና ለአራስ ልጅ ቀልድ አይደለም። በሌላ በኩል ምንም ጭስ ሳይመጣ የሚያልፍም ዓመት አለ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ቼና ወንዝ ዳር ሰው በታንኳ ሲንሸራሸር፣ እንደዚያ ሆኖ ክረምቱ ያልቃል። ለዚህ ነው ትንበያው ላይ ብዙ አትመካ የምልህ።

ቢምቢም አለ፣ በጣም ብዙ፣ በተለይ ሰኔና ሐምሌ። ወባ ግን የለም፣ በእሱ አትጨነቁ። ቆዳ ላይ የሚቀባውን መከላከያ እዚሁ ትገዛለች።

ደመና አንባቢ (ባሕር ዳር)

የሽምብጥ ልጅ ስለ ቦታው ጥሩ ብላለች። እኔ ካርታውን ላስረዳህ፣ ሙያዬ ስለሆነና ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ቀለሙ ምን ያህል እንደሚሞቅ አይነግርህም። የሚነግርህ ወደየት እንደሚያጋድል ነው። የአሜሪካው የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የሚያወዳድረው ከ1991 እስከ 2020 ካሉት 30 ዓመታት ጋር ነው። ሠላሳዎቹን የሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ አማካዮች ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ በተርታ ደርድራቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በታች» ናቸው፣ መሃለኞቹ አሥሩ «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በላይ»። ምንም መረጃ ባይኖርህ ለእያንዳንዱ ክፍል 33 በመቶ ትሰጣለህ። ብርቱካናማ የተቀባው ቦታ የላይኛው ክፍል ዕድል ከ33 በልጧል ማለት ነው። 45 በመቶ ቢል እንኳ፣ 55ቱ በመቶ አሁንም የሌሎቹ የሁለቱ ነው። ቀዝቃዛ ክረምት ቢመጣ ትንበያው ዋሸ አይባልም።

ደግሞ አማካይ ነው። የሦስት ወር አማካይ። በፌርባንክስ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በላይ» የሚባሉትን ክፍሎች የሚለያቸው የአንድ ዲግሪ ሽራፊ ሊሆን ይችላል። እናትህ ደጅ ቆመው ያን አይለዩትም። ሰውን የሚጎዳው በአማካዩ ውስጥ የተደበቀው አንድ ሳምንት ነው፤ አምስት ቀን ተከታታይ 31 እና 32 ዲግሪ ይሆንና ቀሪው ቀዝቀዝ ብሎ አማካዩን ያስተካክለዋል።

ነጩ «ዝናብ የለም» ማለት አይደለም። «እኩል ዕድል» ማለት ነው። ወደ እርጥብም ወደ ደረቅም የሚያጋድል ምልክት አላገኘንም ነው የሚሉህ። የክረምት ዝናብ እዚያ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ በሚነሳ ነጎድጓዳማ ደመና ስለሚመጣ፣ አንዱን ሸለቆ አርሶ ሌላውን ስለሚዘል፣ ከወራት በፊት ለመያዝ ያስቸግራል። ለዚህም ነው ጭሱን ከሦስት ወር ካርታ ማንበብ የማይቻለው። ሞቃት ክረምት እሳት ያበዛል፣ ግን ያ ሞቃት ክረምት ሰኔ ላይ ደህና ዝናብ ካገኘ ብዙም ሳይቃጠል ሊያልፍ ይችላል። ወሳኙ ሰኔ ውስጥ ምን ያህል ደረቀ፣ መብረቁ መቼና የት ወረደ የሚለው ነው። ያን ደግሞ የምታውቀው በቀናት ርቀት ነው።

ብርቱካናማው ለምን በዛ ለሚል፣ ዋናው ምክንያት አላስካ ከዓለም አማካይ ከሁለት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት እየሞቀ መሆኑ ነው። በረዶው ቀድሞ ይቀልጣል፣ መሬቱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ዙሪያውን ያለው ባሕርም ሞቋል። ስለዚህ ትንበያው ወደ ሙቀት ሲያጋድል አትደነቅ፣ አብዛኛውን ዓመት እንደዚያ ነው።

ሰሜን ስለሆነ አይሞቅም የሚልም ካለ፣ የአላስካ ከፍተኛው ሙቀት 37.8 ዲግሪ ነው። ፎርት ዩኮን በምትባል፣ ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ አለፍ ብላ ባለች ቦታ፣ በአውሮፓውያኑ ሰኔ 27 ቀን 1915 የተመዘገበ።

ፎገሬው (ወረታ)

አላስካውን አንብቤ እኔን የነካኝ ነገር አለ። እኛም ጋ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ይባላል በየዓመቱ ግንቦት ላይ። ያኔ ሁሉም ሰው ጎርፍ ይመጣል ይላል። አንዳንዱ ሩዙን አዘግይቶ ይዘራል፣ አንዳንዱ ከርብ ወንዝ ዳር እቃውን ያወጣል። ከዚያ ሐምሌ መሃል ዝናቡ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ቡቃያው ይጠወልጋል። ደመና አንባቢ፣ የኛውም ልክ እንደዚያ በሦስት ይከፈላል ነው የምትለው?

ደመና አንባቢ (ባሕር ዳር)

አዎ ወንድሜ፣ አሠራሩ አንድ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የሚያወጣው ትንበያም በሦስቱ ክፍሎች ዕድል የሚነገር ነው። የሚያወራውም ስለ ወቅቱ ድምር ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ መሃል ላይ ስንት ቀን እንደሚቋረጥ፣ መቼ እንደሚወጣ ከዚያ አንድ መስመር ማውጣት አይቻልም። ድምሩ ከመደበኛ በላይ ሆኖ መሃሉ ላይ ሩዝህን የሚያደርቅ ክረምት አለ። አንተ ለመዝራትና ለማረም የሚጠቅምህ የአሥር ቀኑ ትንበያ ነው፣ እሱን በየጊዜው ያወጡታል፣ ከግብርና ባለሙያው ጠይቀህ ተከታተል። ለጎርፉ ደግሞ ከፎገራ ሰማይ ይልቅ የጉና ተራራ ዝናብ ነው የሚታየው፤ ርብና ጉማራ የሚሞሉት ከላይ ነው። በ1998 ክረምት ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ምን እንደሆኑ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የኛ ክረምት ከኤልኒኖ ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። ኤልኒኖ ማለት የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ነው፤ ያኔ የሰሜኑ ክረምት ይደክማል፣ በአውሮፓውያኑ 2015 ያየነው ነው፣ በዚያ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው የምግብ እርዳታ የፈለገው። ስለዚህ ግንቦት ላይ የሚወጣው የኛ ትንበያ የሚይዘው ነገር አለው። አላስካ ላይ ኤልኒኖ የሚሰማው በነሱ ቅዝቃዜ ወራት ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ግንኙነቱ ደካማ ነው። ስለዚህ ለፌርባንክስ ክረምት «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው፣ እንዲህ ይሆናል» የሚልህን ሰው አትስማ።

አባ ጥንቁቅ (ባሕር ዳር)

እኔ ብሆን ትኬቱን አዛውረው ነበር። አስም ያለባትን እናት፣ ያውም ከ60 በላይ የሆነች፣ እሳት ወደሚነድበት አገር በሐምሌ አልልክም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትሂድና ጭሱ ሲያልፍ ትድረስ። ክርስትናው ላይ ትገኝ ቢበቃ።

የሽምብጥ ልጅ (ፌርባንክስ)

አባ፣ አሳብህ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን አራስ ልጅ ያለ እናት ብቻዋን እዚህ አገር ምን እንደምትሆን ልንገርህ። ባልየው ከሁለት ሳምንት በላይ ፈቃድ የሚያገኝ ከሆነ እድለኛ ናቸው። ጎረቤት ገንፎ ይዞ አይመጣም። ሌሊቱ ብርሃን ነው፣ ሕፃኑ አይተኛም፣ እሷም አትተኛም። እናት የምታስፈልገው በነዚያ አርባና ሰማንያ ቀኖች ነው፤ ነሐሴ መጨረሻማ አብዛኛው አልፏል። ደግሞ ጭሱ ከመጣ ሕፃኑ ላይም ነው የሚመጣው፣ እሱን የትም አትልከውም። ስለዚህ ቤቱ በማንኛውም ሁኔታ መዘጋጀት አለበት። ቤቱ ለሕፃኑ ከተዘጋጀ ለአያቱም ተዘጋጅቷል።

የምታዘጋጀውም አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ክፍል ትምረጥ፣ በሩና መስኮቱ በደንብ የሚዘጋ። የአየር ማጣሪያ ማሽን እዚያ ታስገባ። ሐምሌ ላይ ጭስ ከገባ በኋላ ልግዛ ብትል ከተማው ውስጥ አታገኝም፣ በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ ግንቦት ላይ ትግዛ። ማሽኑ ከተወደደባት አራት ማዕዘን የሆነውን ትልቅ ቬንትሌተር ገዝታ ከጀርባው በኩል ለቤት ማሞቂያ የሚሸጠውን ካሬ ማጣሪያ ወረቀት በፕላስተር አጥብቃ ትለጥፍበት፤ 13 ቁጥር የተጻፈበትን ትምረጥ። ነጩ ወረቀት በጭስ ሰሞን በጥቂት ቀን ቡናማ ሲሆን ታያለህ። ያ ሁሉ ሳንባ ውስጥ ሊገባ የነበረ ነው።

ስለ ሙቀቱም ይሄንኑ ልጨምር። እዚህ ቤት የሚሠራው ሙቀት እንዳያስወጣ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ብዙው ቤት የአየር ማቀዝቀዣ የለውም። 30 ዲግሪ ለባሕር ዳር ሰው የሚያዝያ ቀን ነው፣ ምንም አይመስልህም። እዚህ ግን ፀሐይዋ እስከ ሌሊት መስኮቱ ላይ ስለምትቆይ ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ይነጋል። በአውሮፓውያኑ ሰኔ 2025 የፌርባንክስ የአየር ሁኔታ ቢሮ «የሙቀት ማስጠንቀቂያ» በሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ሙቀቱ 30 አካባቢ ይደርሳል ብሎ ነው። ጭስ በሌለበት ጊዜ የሚሠራው ዘዴ ቀን መጋረጃ መዝጋት፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል መስኮት መክፈት ነው። ችግሩ ሙቀትና ጭስ አብረው ሲመጡ መስኮቱን መክፈት አለመቻሉ ነው። ያኔ ነው ያቺ አንድ ክፍል የምታድነው።

የሳንባ ክሊኒክ ነርስ (ባሕር ዳር)

ስለ እናትህ እኔም ልናገር። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸው ጋ ይቅረቡ፣ ትኬት ስለተቆረጠ ብቻ «ቀለል ያለ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሚወስዱት ሲያፍናቸው ብቻ የሚነፉትን ሰማያዊ ፓፍ ከሆነ፣ በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። መከላከያው ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጭስ ሲመጣ የሚጀመር ነገር አይደለም፤ ግንቦት ላይ ነው መጀመር ያለበት። ፓፉ ተደራቢ ይኑራቸው፣ ሁሉም በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ሲያትል ሊቀር ይችላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ይያዙ። እኛ ሳልቡታሞል የምንለውን እዚያ አልቡተሮል ይሉታል፣ ፋርማሲ ሄደው «የለም» እንዳይባሉ እህትህ ትወቀው።

ማስክ ከሆነ ኤን 95 የሚባለው ብቻ ነው የሚሠራው። የጨርቁና ሰማያዊው የሐኪም ቤት ማስክ ለጭስ ብዙም አይረዱም። ለሕፃኑ ማስክ የለም፣ አይደረግለትም፣ ያፍነዋል። ሕፃኑ ንጹሑ ክፍል ውስጥ ይቆይ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልበል። እናቶቻችን አራስ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቡና መቁላትና እጣን ማጨስ ነው። ጭስ በገባ ቀን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ዝግ ቤት ውስጥ እጣን ካጨሱ፣ ቡና ካሳረሩ፣ ከውጭ የከለከሉትን ጭስ ከውስጥ ሠሩት ማለት ነው። በነዚያ ቀናት እጣኑ ይቅር። ቡናው የተቆላ ይሁን፣ ወይም ከምድጃው በላይ ያለውን አየር መሳቢያ ከፍተው ይቁሉት። እናትህ ቅር እንዳይላቸው አስቀድመህ አንተ ንገራቸው፤ እህትህ እዚያ ብትነግራቸው ይከፋቸዋል።

የጣና ዳር ልጅ (ባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የእጣኑን ነገር እውነትህን ነው፣ እናቴ አንድ ፌስታል ሙሉ ከመርካቶ አስመጥታ ሻንጣ ውስጥ ከታዋለች። ዛሬ ማታ አወራታለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ጭሱን ከቀን ወደ ቀን በምን እንከታተለው? እህቴ ምጥ ላይ ስትሆን እኔ ከዚህ ሆኜ አይቼ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ሌላው እናቴ ማታ ፀሎት ሳታደርስ አትተኛም፣ ንጋት ላይም ትነሳለች። ፍልሰታም እዚያው ነው የምትውለው። ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ሰዓቱን በምን ታውቃለች?

ደመና አንባቢ (ባሕር ዳር)

ለጭሱ ሦስት ቦታ እይ። ኤርናው የሚባለው የአሜሪካ የአየር ጥራት ገጽ አሁን ያለውን በቁጥርና በቀለም ያሳያል፤ ከ100 ሲያልፍ እናትህና ሕፃኑ ቤት ይሁኑ፣ ከ150 ሲያልፍ ሁሉም። በፌርባንክስ የሚገኘው የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ጭሱ በቀጣዮቹ ቀናት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ትንበያ አለው፣ ላንተ ከሁሉ የሚጠቅምህ እሱ ነው። የእሳቱን ቦታ ደግሞ የአላስካ የእሳት ማስተባበሪያ ማዕከል በየቀኑ በካርታ ያወጣል። እሳቱ ከከተማው በየት በኩል እንዳለና ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ካየህ ግማሹን አወቅክ። ንፋስ ከዞረ በጥቂት ሰዓት ሊጠራ ይችላል፣ ስለዚህ ጠዋት የነበረውን አይተህ ቀኑን ሙሉ አትወስን።

የሦስት ወሩን ካርታም ብትፈልግ በየወሩ በሦስተኛው ሐሙስ ይታደሳል። ግን ከሰኔ በኋላ ባታየውም ምንም አይቀርብህም።

ዘዘጌ (ባሕር ዳር)

ስለ ፀሎቱ፣ እናትህ በሰዓት ይመሩ። ሰዓታቸውን እዚያ ሲደርሱ ያስተካክሉና ማታ 3 ሰዓት ሲል ብርሃንም ቢሆን ማታ ነው። ጾሙም በሰዓት ነው የሚቆጠረው፣ በጨለማ አይደለም። ግን ለሕሊናቸው እንዲቀላቸው ከመሄዳቸው በፊት የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ፣ ስለ ጾሙም፣ መድኃኒት በባዶ ሆድ ስለሚወሰደውም። እሳቸው ካሉት በኋላ እናትህ በሰላም ነው የሚጾሙት።

የሽምብጥ ልጅ (ፌርባንክስ)

ፍልሰታ ሲገባ እኮ ብርሃኑ መቀነስ ጀምሯል። በየቀኑ 7 ደቂቃ ገደማ ነው የሚያጥረው፣ በሳምንት ውስጥ ታየዋለህ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ማታ ማታ ይጨልማል፣ እናትህም እንቅልፋቸው ይመለሳል። ዝናቡም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ብዙ ዓመት እሳቱን የሚያጠፋው የነሐሴ ዝናብ ነው። ጳጉሜ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሹራቡና ካልሲው የሚያስፈልጋቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው።

ለሻንጣው ደግሞ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የገብስ ዱቄት ለገንፎ ይሁን፣ ግን ሁሉም በደንብ ታሽጎ ምን እንደሆነ ይጻፍበት፣ ሲደርሱ ለጉምሩክም ያስመዝግቡ። ቋንጣ እንዳታስገቡ፣ ሥጋ ስለሆነ ዋሽንግተን ላይ ይወስዱባቸዋል። ኤን 95 እና የቢምቢውን እኛ ከዚህ እንገዛለን። ፓፉንና የሐኪሙን ወረቀት ግን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

ስትደውሉላቸው በኛና በናንተ መካከል 11 ሰዓት አለ። ባሕር ዳር ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ የዚያው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ለሁለታችሁም የሚመቸው እሱ ነው። የእህትህን ቁጥር በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የአየር ማጣሪያው ሳያልቅ አብረን ሄደን እንገዛለን፣ መጋረጃውንም እኔ እሰቅልላታለሁ፣ እርጉዝ ወንበር ላይ እንዳትወጣ።

የጣና ዳር ልጅ (ባሕር ዳር)

ላክሁልሽ እህቴ። ነገ ጠዋት እናቴን ይዤ ሐኪም ጋ ልሄድ ነው፣ ባናውንም ለአክስቴ መልሰናል።